ውሃ ውስጥ ያለ ኦፓል ዋጋ አይወጣለትም፦ ከለገጣፎ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለገጣፎ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አሉ። ዕድሜያቸውን የደሴን መስመር በአይሱዙ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። ወሎ ለሚያውቁት ነጋዴ ያበደሩት ገንዘብ ነበር። ሰውየው በብር መክፈል ሲያቅተው በከበረ ድንጋይ ከፈላቸው። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ጥሬ ኦፓል፣ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ። ከሱ ጋር በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት የተቆረጡ ድንጋዮች፦ አንድ ጥቁር ኦፓል፣ አንድ «የሻኪሶ ኤመራልድ» የተባለ አረንጓዴ፣ አንድ «የትግራይ ሰንፔር» የተባለ ሰማያዊ።

ጋሼ እንበላቸው፣ ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ጀምረው ያቆሙት ሰርቪስ ቤት አለ፤ እሱን ለመጨረስ ድንጋዩን ለመሸጥ አሰቡ። በደላላ በኩል አንድ ገዢ መጣ። ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በጅምላ ዋጋ ጠራላቸው። «እስከ ነገ ማታ ካልወሰኑ ይቅር» አለ። እሳቸውም ማታውኑ ሃይላንዱን በፌስታል ይዘው ወደ እኔ መጡ። እኔ እዚያው ሰፈር ድንጋይ እቆርጣለሁ።

«ልጄ፣ እስኪ እዪልኝ። ጥሩ ነው ካልሽኝም እሸጠዋለሁ፣ መጥፎ ነው ካልሽኝም እሸጠዋለሁ። ብቻ ምን እንደሆነ አውቄ ልሽጠው።»

ይህን ጉዳይ ሙሉውን የምጽፈው ጋሼ የያዙት ዓይነት ሃይላንድ በብዙ ቤት ስላለ ነው። የደሴ መንገድ በደብረ ብርሃንና በሰንዳፋ አልፎ ለገጣፎ ላይ ነው ከተማ የሚገባው። ድንጋዩም በዚያው ይመጣል። ሰዎች ይይዙታል፣ ይወርሱታል፣ በዕዳ ይቀበሉታል። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ያወጣል?» ይሆናል። ይህ ጥያቄ ግን የመጨረሻው መሆን አለበት። መጀመሪያ ድንጋዩ ምንድን ነው? ቀጥሎ ሰው ምን አድርጎበታል? ከዚያ ጥራቱ ምን ያህል ነው? ዋጋ ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥራት ስል ደግሞ ውሃውን፣ ጥቁር ጨርቁን፣ የእጅ ባትሪውንና የሻጩን ወሬ አንድ በአንድ ስታነሱበት ድንጋዩ ላይ የሚተርፈውን ነው። ሌላው ሁሉ የተውሶ ነው።

ስለዚህ ማታ ምንም አልፈረድኩም። በአምፖል ብርሃን፣ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ኦፓል ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ጋሼም ለገዢው ደውለው «ይቆየኝ» አሉ።

ሃይላንዱ

ጥሬ ኦፓልን ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። የሚቆፍሩት ሰዎች ድንጋዩ ድንገት ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ብለው ያደርጉታል። ውስጡን ለማየትም ይመቻል። ችግሩ የወሎ ኦፓል ጠባይ ነው። ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኘውና የኢትዮጵያን ኦፓል በዓለም ገበያ ያስጠራው ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀዳዳዎቹ ይሞላሉ፤ ድንጋዩም እንደ መስታወት ይጠራል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ይህ ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ደፍርሶ የነበረው ድንጋይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የቀለሙ ብልጭታም ይለወጣል፣ አንዳንዱ ላይ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ላይ ይደምቃል። ሁለተኛ፣ ስንጥቅ ይደበቃል። ስንጥቅን የምናየው ውስጡ ያለው አየር ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ አየሩን ውሃ ሲተካው ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ስንጥቁም ከዓይን ይሰወራል። ሦስተኛው ክብደት ነው። ጥሬ ኦፓል በግራም ነው የሚሸጠው። እየጠጣ የከበደ ድንጋይ ስትገዙ ውሃውንም በኦፓል ዋጋ ትገዛላችሁ።

ድንጋዮቹን ከሃይላንዱ አውጥቼ ላያቸውን ብቻ በጨርቅ ጠረግኩና መዘንኳቸው። 212 ግራም ሆኑ። ከዚያ ሰሃን ላይ ሶፍት አንጥፌ ደረደርኳቸውና ጥላ ቦታ ተውኳቸው። ፀሐይ ላይ አይደለም። ምድጃ አጠገብም አይደለም። ማድረቂያ አይነፋባቸውም፣ ፍሪጅም አይገቡም። ቀስ ብለው በራሳቸው ጊዜ ይደርቃሉ፤ ትንንሾቹ ቶሎ፣ ትልልቆቹ ዘግይተው።

መሃል ላይ ግን ነገር መጣ። የኦፓልን አደራረቅ የማያውቅ ሰው የሚደነግጥበት አንድ ደረጃ አለ። ድንጋዩ ጥርት ካለበት ተነስቶ ወደ ደረቅነቱ ከመድረሱ በፊት ይነጣል። ወተት ይመስላል። ቀለሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀዳዳዎቹ ከፊሉ ውሃ፣ ከፊሉ አየር ሲሆኑ ብርሃኑ በየወሰኑ እየተበተነ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ መበተኑ ይቀንሳል፣ ብልጭታውም ይመለሳል። ገዢው የመጣው ልክ በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ጋሼ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ሰሃኑን አየና «ይሄማ ሞቷል፣ ኖራ ሆኗል» አለ። የጠራውን ዋጋ በግማሽ ቀነሰ። ብዙ ኦፓል የገዛ ሰው ይህን ጠባይ አያውቅም ብዬ አላምንም። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። አልፈርድባቸውም፤ ትናንት የሚያበራ ድንጋይ ዛሬ የኖራ ጓል ሆኖ ማየት ያስደነግጣል።

ቀለሙ ለምን እንደሚመለስ ለጋሼ እዚያው አስረዳኋቸው። የኦፓል ብልጭታ ቀለም የተቀባ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ኳሶች በረድፍ ተደርድረዋል። ብርሃን በረድፎቹ መካከል ሲያልፍ ተከፋፍሎ ይወጣል። ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ያረጋገጡት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.። ኳሶቹ አነስ ካሉ ሰማያዊና ሐምራዊ ይወጣል፤ ተለቅ ካሉ ቀይም ይጨመራል። ቀይ የሚያሳይ ኦፓል ከሌላው የሚወደደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ተለቅ ያሉ ኳሶች በሥርዓት ተደርድረው መገኘታቸው ብርቅ ነው። ውሃ ገብቶ ወጣ ብሎ ድርድሩ አይፈርስም። ስለዚህ ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ይድረቅ። ሰርቪሱ እስካሁን ጠብቋል» አሉ። ገዢው ተነስቶ ሄደ።

ድንጋዮቹ ደርቀው ክብደታቸው መውረድ ካቆመ በኋላ እንደገና መዘንኩ፦ 193 ግራም። 19 ግራሙ ውሃ ነበር ማለት ነው፣ ወደ አስር በመቶ የሚጠጋ። ኦፓሉ ላይ የተጣበቀው አለትም ውሃ ይይዛል፤ ሁሉም ከኦፓሉ የወጣ አይደለም። ለሻጭና ለገዢ ግን ልዩነት የለውም፣ ሚዛን ላይ የወጣው ሁሉ ይከፈልበታል።

በየትኛው ብርሃን?

መጻሕፍት የከበረ ድንጋይን በሰሜን መስኮት በሚገባ ብርሃን ተመልከቱ ይላሉ። ምክሩ የተጻፈው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምትሄድባቸው አገሮች ነው። እኛ ጋ አዲስ አበባ ዙሪያ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በነዚያ ወራት በሰሜን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ ሊገባባችሁ ይችላል፤ ያኔ የደቡቡ ይሻላል። ይህ ጉዳይ በኅዳር ስለነበር የሰሜኑ መስኮቴ ደህና ነበር። ረፋዱ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳትነካው።

ቀጥታ ፀሐይ ላይ የማያምር ኦፓል የለም። የስልክ መብራትም እንደዚያው ነው፣ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ጠንካራ ብርሃን ስለሆነ ደካማውን ሁሉ ያስጨፍራል። ደላላ ለምን ስልኩን እንደሚያበራ አሁን ታውቃላችሁ። ጥቁር ጨርቅም የራሱ ሥራ አለው። የሚያሳልፍ ኦፓል ጀርባው ጥቁር ሲሆን ብልጭታው ጎልቶ ይታያል፣ ነጭ ወረቀት ላይ ስታደርጉት ይቀንሳል። ሁለቱም ላይ ማየት ነው። ከዚያ በሁለት ጣት መሃል ይዞ፣ ቆዳ ላይ። ቀለበት ሆኖ የሚቀመጠው ቆዳ ላይ ነውና።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ድንጋዩን ክንዴን ዘርግቼ እይዘዋለሁ። አፍንጫዬ ላይ አላስጠጋም፤ ከሩቅ የማይታይ ብልጭታ ደካማ ነው። ዙሪያውን አዞረዋለሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በርቶ በሌላው የሚጠፋ አለ፤ ከየትኛውም ወገን የሚያበራ አለ፤ ሁለተኛው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ ከመስኮቱ እየራቅሁ ወደ ጨለምለም ያለው ጥግ እሄዳለሁ። ጥሩ ኦፓል ጥጉ ላይም ያበራል። መካከለኛው እዚያ ሲደርስ ይተኛል። ይህ ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ ከሁሉም ደግሞ እውነቱን ይናገራል። ቀጥሎ ቀለሞቹን እለያለሁ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው ወይስ ብርቱካንና ቀይም አለበት? የቀለሙ ጠቃጠቆ እንደ አሸዋ የደቀቀ ነው ወይስ ሰፋ ሰፋ ያለ? በመጨረሻ አስር ጊዜ በሚያጎላው ሉፕ ስንጥቅ፣ አሸዋና ባዶ ቦታ እፈልጋለሁ።

ከጋሼ 193 ግራም ውስጥ አብዛኛው ቀለም የለሽ ሆነ። ኦፓል ነው፣ ግን ብልጭታ የለውም፣ ወይ ጠርዙ ላይ ክር የመሰለ ብቻ ነው ያለው። ይህ የተለመደ ነው። ጥቂት ድንጋይ ነው የጅምላውን ዋጋ የሚሸከመው፤ ጅምላ ገዢም የሚያሰላው ያቺን ጥቂት ነው፣ ሌላውን ለመሸፈኛ ይወስደዋል።

ውሃ ውስጥ እያለ ከሁሉም የበለጠ የሚመስለው ትልቁ ድንጋይ ሲደርቅ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣበት። ስንጥቁ ቀድሞም ኖሮ ውሃው ደብቆት ይሁን ወይም ሲደርቅ የመጣ ይሁን፣ ውጤቱ አንድ ነው፣ ለቀለበት አይሆንም። ገዢው ሃይላንዱን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ያየው እሱን ነበር አሉ ጋሼ። የኢትዮጵያ ኦፓል «ይሰነጠቃል» የሚል ስም የወጣለት ግን ከወገል ጤና በፊት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ሸዋ ውስጥ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ቸኮሌት መልክ ያለው ኦፓል ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢዎችን አስመረረ። ስሙ ለወሎም ተረፈ። የወሎው በአብዛኛው ይጸናል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ለዚህ ነው ደርቆ ካለቀ በኋላም ሳምንታት ማቆየት የሚያስፈልገው።

ሁለት ድንጋዮች ተረፉ። አንደኛው ባቄላ የሚያክል ነው፣ 3.2 ግራም። ገላው ጥቂት ቢጫ ያዘለ፣ የሚያሳልፍ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሰፋ ሰፋ ብሎ ይወጣበታል፣ እንዴትም ብታዞሩት። ጥጉ ላይ ስወስደው አልተኛም። ሉፕ ስር ንጹህ ነው። ሁለተኛው ተለቅ ይላል። ከጎኑ ስታዩት ጣት የመሰሉ የቀለም ዓምዶች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ከላይ ስታዩት የማር እንጀራ ይመስላል። ይህ የወገል ጤና ኦፓል ላይ የሚታይ የታወቀ መልክ ነው። አንዳንድ ሰው ከፋብሪካ ኦፓል ጋር ያምታታዋል፣ እዚያም ዓምድ ስለሚታይ። የጋሼው ድንጋይ ግን ጀርባው ላይ አለቱ ሳይላቀቅ ተጣብቆበታል፤ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ጉድለቱ ሌላ ነው። አንድ ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ስለዚህ ጫፉ መቆረጥ አለበት።

ጥቁሩ

ጥቁር ኦፓል ሲባል ሰው ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፣ ጥቁር ገላ ላይ ብልጭታው ስለሚጎላ። እውነተኛ ጥቁር ኦፓል አገራችን አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ጋሸና አካባቢ፣ ስታይሽ በተባለ ቦታ ተገኝቷል። ነገር ግን ነጩን የወሎ ኦፓል በጭስ ማጥቆርም በሰፊው የተለመደ ነው። ቀዳዳ ስላለው ጥቀርሻው ይገባል።

የጋሼን ጥቁር ሉፕ ስር አስገባሁት። መጀመሪያ ያየሁት ጥቁረቱ እኩል አለመሆኑን ነው። ስንጥቅና ጉድጓድ ባለበት ቦታ ተከማችቷል፣ ሌላው ላይ ሳሳ ይላል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ጥቂት የተሸረፈ ቦታ አገኘሁ። ሽራፊው ውስጥ ድንጋዩ ፈካ ያለ ነው። ጭስ ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው የሚቀረው፣ ወደ መሃል አይዘልቅም። ይህ በቂ ነበር። በአሴቶን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ፈሳሽ፣ ማሸት የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ውሃ በሚጠጣ ድንጋይ ላይ አላደርገውም፣ እሱንም ይጠጣዋል።

በጭስ የጠቆረ ኦፓል መጥፎ ነው አልልም። ያምራል፣ ገዢ አለው። መጥፎው ነገር ሳይነገር እንደ ተፈጥሮ ጥቁር መሸጡ ነው። ጋሼ «ታዲያ ‹ጥቁር ኦፓል› ብቻ ብለን ብንሸጠውስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ‹በጭስ የጠቆረ› ብለው ይሽጡት፣ ዋጋውም የሱ ይሁን» አልኳቸው። ተስማሙ።

አረንጓዴው

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድኩ፣ የሚገባውም ነበር። የጉጂው ሻኪሶ ኤመራልድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ገበያ ስም አግኝቷል። ስሙ ስለተሰማ አሁን አረንጓዴ ድንጋይ ሁሉ «የሻኪሶ» ነው። ድንጋይ ከየት እንደመጣ በሉፕ አይታወቅም። ውስጡ የማይካ፣ ማለትም በስሱ የሚላጥ አንጸባራቂ ማዕድን፣ ቅንጣት ማየቴ ለሻኪሶ ቢስማማም ከሌላ አገር ኤመራልድ ጋርም ይስማማል። ደግሞም አገሩ ጥራት አይደለም፤ ከሻኪሶም ተራ ድንጋይ ይወጣል። እንኳን ለሻኪሶ፣ በኤመራልድ ለታወቀችው ለኮሎምቢያም እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ምንነቱ። የድንጋዩን ሰፊ ፊት ሬፍራክቶሜትር ላይ አሳረፍኩ፤ ድንጋዩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ነው። 1.57 እና 1.58 አካባቢ፣ የተጠጋጉ ሁለት መስመሮች። ኤመራልድ የሚያነበው ይህን ነው። መስታወት ቢሆን አንድ መስመር ብቻ ይሆን ነበር። (ኦፓሉን ግን በጭራሽ እዚያ ላይ አታሳርፉት። የመሣሪያው ፈሳሽ ይገባበታል።) ፋብሪካ ያሳደገው ኤመራልድም ተቀራራቢ ቁጥር ስለሚሰጥ ውስጡን በሉፕ አየሁ። ማይካውና የተበታተኑ የተፈጥሮ ምልክቶች ወደ ተፈጥሮ ኤመራልድ ይመራሉ። የመጨረሻውን ቃል ግን ላብራቶሪ ነው የሚሰጠው፤ ለጋሼም እንዲሁ ነገርኳቸው።

ቀለሙን በሦስት ነገር ነው የማየው። ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል ወይስ ወደ ቢጫ? ምን ያህል ጠቁሯል ወይም ነጥቷል? ቀለሙስ ምን ያህል ንጹህ ነው፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ገብቶበታል? ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያደባልቃል። ጥቁር አረንጓዴ ሁሉ «ጠንካራ ቀለም» ይመስለዋል። አይደለም። ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ውስጡ የሚታይ፣ የሚያበራ ድንጋይ ነው የሚፈለገው። የጋሼው ጥቂት ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ መካከለኛ፣ ግራጫ የሌለበት አረንጓዴ ነው። በእውነት ጥሩ ቀለም ነው። ማታ በድሮው ቢጫ አምፖል ሳየው ወደ ቢጫ ተሳበ፣ ግን አልጠፋም። ኤመራልድ ውስጥ ስንጥቅና ጭረት መኖሩ አያስደነግጥም፣ አብዛኛው አለበት። የሚያሳስበው ስንጥቁ ላይ ላዩ ድረስ ሲደርስ ነው። አንድ ጥግ ላይ እንደዚያ ያለ አንድ ስንጥቅ አገኘሁ፣ ውስጡም ዘይት አለ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ኤመራልድን በዘይት መሙላት በገበያው የታወቀ ነው። ጥቂት ዘይት ድንጋዩን አይጥልም፣ መነገር ግን አለበት፤ ሙቅ ውሃና የጌጣጌጥ ማጠቢያ ማሽንም ሊነካው አይገባም።

ትልቁ ጉድለት ሰው የሠራው ነው። ቆራጩ ክብደት ላለማጣት ሲል የታችኛውን ክፍል አሳጥሮታል። ነጭ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ፊደል ላይ ሳስቀምጠው መሃሉ ላይ ፊደሉ ይነበባል። ይህ ማለት ብርሃን ከላይ ገብቶ ወደ ዓይን ሳይመለስ በታች ሾልኮ ይወጣል። ኤመራልድ ላይ የታችኛው ፊት ዳገት ከ40 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ይህ ይመጣል። በዳሩ የሚያምር አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ የገረጣ ባዶ መስኮት። ድንጋዩ 2.1 ካራት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። እንደገና ቢቆረጥ ቀለሙ መሃሉንም ይሞላል፣ ግን ክብደቱ ይቀንሳል፣ ምናልባትም ከሁለት ካራት በታች ይወርዳል። ገዢዎች ደግሞ ሙሉ ቁጥር ይወዳሉ። የኔ አስተያየት ግልጽ ነበር፦ ኤመራልድ ላይ ዋጋውን የሚሸከመው ቀለሙ ነው፣ ቀለሙን የሚያባክን ክብደት ጥቅም የለውም። ሆኖም ጥጉ ላይ ያለው ስንጥቅ የመቁረጫው ዲስክ ሲነካው ሊከፈት ስለሚችል፣ አስቀድሞ ላብራቶሪ ይየው አልኩ።

ሰማያዊው ብዙ አላስቸገረም። ሬፍራክቶሜትሩ ላይ አንድ መስመር፣ 1.52 ላይ። ሰንፔር ከ1.76 በታች አያነብም። ሉፕ ስር ክብ የአየር አረፋ፣ የተበሉ ጠርዞች። መስታወት ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ ተነፈሱና ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ጋሼ ዕቃቸውን ለየብቻ አደረጉ። እኔም በአንድ ገጽ ጻፍኩላቸው፦ የእያንዳንዱ ደረቅ ክብደት፣ የታየበት ብርሃን፣ ያለበት ጉድለት፣ የተደረገበት ነገር። ጥቁሩ ላይ «በጭስ የጠቆረ» ብዬ፣ አረንጓዴው ላይ «ዘይት አለው» ብዬ ጻፍኩ። ላልተረጋገጠው ቦታው ላይ «ላብራቶሪ» ብቻ። ገዢው ሲመለስ በጅምላ ማውራት አልተቻለም፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበርና። ቀለም የለሹንና ትንንሹን በደረቅ ግራም ወሰደ። ጥቁሩንም በትክክለኛ ስሙ ወሰደ። ደህና ተከራክረው ነው የተለያዩት፣ ግን በሰላም።

ባቄላዋን እኔ ቆረጥኳት። አስቀድሜ ደረቅ እያለች ለሳምንታት አቆየኋት፣ ስንጥቅ አላወጣችም። የምቆርጥበትን መስመር ያሰመርኩት በእርሳስ ነው፤ ማርከር ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ድንጋይ የሚቆረጠው በውሃ እየቀዘቀዘ ስለሆነ ዲስኩ ላይ እያለች እንደገና ጠጣች፣ ጠራች፣ ሲቆይ ነጣች። ጋሼ በዚያ ሰዓት አይተዋት ምንም አላሉም፣ አሁን ያውቁታል። ስትደርቅ ቀይ ብልጭታዋ ተመለሰ። ከ16 ካራት ጥሬ 6.5 ካራት ክብ ራስ ያላት ድንጋይ ወጣች። ከግማሽ በላይ በዱቄት ሄደ፣ ይህም ለኦፓል የተለመደ ነው። ጋሼ ሌላ ገዢ አግኝተው ሸጧት፣ እሷ ብቻዋን መጀመሪያ ለሁሉም በጅምላ ከተጠራው ዋጋ ከግማሽ በላይ አወጣች። ሰርቪሱ ጣራ ወጣለት።

ኤመራልዱ የላብራቶሪ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ የሚቆረጥበትን ከዚያ በኋላ እንወስናለን።

ሁለተኛውን፣ ዓምድ ያለውን ኦፓል፣ አልሸጡትም። ለልጃቸው ቀለበት እንዲሆን ፈለጉ። ጫፉን ቆርጬ አስተካከልኩት። ቀለበቱን ሲወስዱ ለልጃቸው የሚሉትን ነገርኳቸው፦ ዕቃ ስታጥቢ አውልቂው፣ ቅባትና ሽቶ ከተቀባሽ በኋላ እንጂ በፊት አታድርጊው፣ ወጥ ስትሠሪም አይኑርብሽ፣ ዘይትና በርበሬ ከገባበት እንደ ውሃ በቀላሉ አይወጣም። ድንገት ረጥቦ ቢጠራ ወይም ቢነጣ ደግሞ ምንም አታድርጊው፣ ሶፍት ላይ አስቀምጪና ተዪው።